17 እና 18፦ የአንድ ዓመት ልዩነት

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሰሞን ከሱቅ ውስጥ ሆና በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የጌም ማሸጊያ ጀርባ ነው። ጥግ ላይ "ኤም" የምትል ጥቁር ፊደል አለች፣ አብራት 17 ቁጥር። ቀጥሎ ድምጿ መጣ። "ይሄ ልጅ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ገና 14 ዓመቱ ነው። ልግዛለት ወይስ ይቅር?" ከኋላ ልጁ ይሰማል፦ "ማሚ፣ ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው!"

ጂቲኤ 5 ነበር። ደወልኩላትና "እታለም፣ ፊደሏን ለጊዜው ተያት፤ አጠገቧ በትንንሹ የተጻፈውን አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበችልኝ። ደምና የተቆራረጠ አካል፣ ከባድ ጥቃት፣ የአዋቂ ቀልድ፣ እርቃን፣ ጸያፍ ንግግር፣ ወሲብ፣ ዕፅና መጠጥ። ሰባት ነገር። ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለች። "በስመ አብ!" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ብዙ ሰው ያቺን ፊደል የሚያያት ብስኩት ላይ እንደሚታተም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነው። ጌሙ ተሠርቶ አልቋል፣ ከዚያ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቁጥር ለጥፎበታል። እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ትልልቆቹ ጌም ሠሪዎች ገና ሥራ ሲጀምሩ የትኛዋን ፊደል እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። ደሙ ምን ያህል ይፍሰስ፣ ካሜራው መቼ ፊቱን ያዙር የሚለው በዚያ ስሌት ነው የሚወሰነው።

ነገሩ የጀመረው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም ከመዝናኛ አዳራሽ ወጥቶ ወደየቤቱ ገባ። በሁለት ዓይነት መልክ ነው የመጣው። የጌም ማሽን አምራቹ ኒንቴንዶ "የቤተሰብ ነኝ" ስለሚል ደሙን ግራጫ ላብ አደረገው። ሰው በቡጢ ሲመታ ላብ ይረጫል! ተቀናቃኙ ሴጋ ግን ደሙን እንዳለ ትቶ በምስጢር ኮድ ሸፈነው። ትክክለኛዎቹን ቁልፎች በቅደም ተከተል የተጫነ ልጅ ደሙን ያገኛል። ልጆቹ ደግሞ ኮዱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የሴጋው በሽያጭ በለጠ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ ሴናተሮቹ ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል ኩባንያዎቹን ጠርተው አፋጠጧቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ራሳችሁን ካልቆጣጠራችሁ እኛ እንቆጣጠራችኋለን። ኩባንያዎቹ ተሯሩጠው በ1994 ኢኤስአርቢ የተባለውን የራሳቸውን ደረጃ ሰጪ ተቋም አቋቋሙ። እህቴ ያየቻት ፊደል የዚያ ተቋም ልጅ ናት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በ1994 የሞርታል ኮምባት ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ ደሙን አልነካውም። ላብ የለም፤ ቀይ ደም። ለምን? ማሸጊያው ላይ "ይሄ ለልጆች አይደለም" ብሎ መጻፍ ከተቻለ፣ ውስጡን ማጠብ ለምን ያስፈልጋል? ልጆችን ከደም ይከልላል የተባለው ማስጠንቀቂያ ደሙን መልሶ አመጣው።

እኔ በዚህ አልከፋም። አዋቂ ሰው አዋቂ ነገር ቢጫወት ምን ችግር አለው? የአዋቂ ምድብ በሌለበት ምን እንደሚሆን አውስትራሊያ አሳይታናለች። እስከ 2013 ድረስ እዚያ አገር ለጌም ከፍተኛው ገደብ 15 ዓመት ነበር። ፊልም 18 አለው፣ ጌም የለውም። ስለዚህ የአዋቂ ጌም ሲመጣ ሁለት ዕጣ ነው የነበረው፦ ወይ ተቆራርጦ 15 ውስጥ ይጨመቃል፣ ወይ ጭራሽ አይሸጥም። በ2008 ፎልአውት 3 የተባለው ጌም እዚያ ተከለከለ። ጥፋቱ? ተጫዋቹ ሲቆስል ሞርፊን ይወጋል። ሞርፊን ደግሞ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ሠሪዎቹ ስሙን ሜድ-ኤክስ አሉት፣ አለፈ። መርፌው ያው፣ ሕመም ማስታገሱም ያው፤ የተቀየረው ስሙ ነው። ለውጡም አውስትራሊያ ላይ አልቀረም፣ በመላው ዓለም የተሸጠው በአዲሱ ስም ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ፎልአውት 3 የተጫወተ ሁሉ ሜድ-ኤክስ የተወጋው በአውስትራሊያ ደረጃ ሰጪ ቦርድ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ከኤም በላይ አንድ ደረጃ አለ፣ "ኤኦ" ይባላል፣ ለአዋቂ ብቻ። ኤም ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ኤኦ ከ18። የአንድ ዓመት ልዩነት! የአንድ ዓመት ልጅ ከሁለት ዓመት ልጅ ይለያል፣ እሺ። የ17 ዓመት ጎረምሳና የ18 ዓመት ጎረምሳ ግን በምን ይለያሉ? ለሻጭ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ኤኦ የተባለን ጌም ትልልቆቹ መደብሮች አይሸጡም፣ ኮንሶል (የጌም ማሽን) አምራቾቹም አይቀበሉትም። ወረቀት ላይ የዕድሜ ደረጃ ነው፣ በተግባር ግን እገዳ።

በ2007 ማንሃንት 2 የተባለ ግድያ የበዛበት ጌም ኤኦ ተሰጠው። ሶኒና ኒንቴንዶ "በእኛ ማሽን አይገባም" አሉ። ሠሪው ወደ ቤቱ ተመልሶ ግድያዎቹን አደበዘዛቸው፤ ስክሪኑ ላይ ጭጋግ ለቀቀበት ብትሉ ይቀላል። ኤም አገኘ፣ በጥቅምት መጨረሻ ገበያ ወጣ። ታሪኩ ያው ነው፣ የሚገደለውም ሰው ይገደላል። ለእኔ ይሄ ልጅ መጠበቅ አይመስለኝም። በበኩሌ ያልደበዘዘው ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ቢሸጥ እመርጥ ነበር።

ከእኛ ሰፈር ልጆች የማይጠፋው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስም የዚሁ ገመድ ሰለባ ነው። ሠሪዎቹ አንድ የወሲብ ትዕይንት ሠርተው በኋላ ተዉት። ሲዲው ላይ ግን አላጠፉትም፣ ቆለፉበት እንጂ። በ2005 አንድ ኔዘርላንዳዊ ከፈተው፣ መክፈቻውንም ለዓለም በተነ። ኢኤስአርቢ ኤሙን ነጥቆ ኤኦ ሰጠው። መደብሮቹ በአንድ ጊዜ ከመደርደሪያ አወረዱት። ትዕይንቱ ተጠርጎ እንደገና እስኪወጣ ድረስ ኩባንያው ብዙ ከሰረ።

ተቋሙ ግን ይህን እንዴት ሳያየው ቀረ? ምክንያቱም ጌሙን ከዳር እስከ ዳር አይጫወቱትም። አሳታሚው መጠይቅ ይሞላል፣ ከጌሙ የባሰውን የባሰውን መርጦ ቪዲዮ ይልካል። ገምጋሚዎቹ እሱን አይተው ነው የሚፈርዱት። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናወርዳቸው ጌሞችማ ይህንንም አያገኙም። ሠሪው መጠይቁን ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያወጣል።

ይህ አሠራር በዓይን የሚታየውን ነገር ጥሩ አድርጎ ይቆጥራል። ደም? ይታያል። ጡት? ይታያል። የማይታየው ላይ ነው የሚቸገረው። ባላትሮ የሚባል የካርታ ጌም አለ፣ በ2024 የወጣ። የፖከር ካርታ ትደረድራለህ፣ ነጥብ ትሰበስባለህ። ገንዘብ አይመደብበትም፣ የሚበላ ሰው የለም። ፔጊ የሚባለው የአውሮፓው ደረጃ መጀመሪያ 3 ነበር የሰጠው። ከዚያ "ፖከር ያስተምራል" ተብሎ 18 ሆነ። በየካቲት 2025 ደግሞ በይግባኝ 12 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ 3፣ 18፣ 12። ካርታው ያው ካርታ።

ባላትሮ 18 በነበረበት ጊዜ፣ ታዋቂው የእግር ኳስ ጌም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 3 ነበር የተሰጠው። ውስጡ ግን በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ የታሸገ የተጫዋቾች ካርድ አለ። ከፍለህ ትቀደዋለህ፣ ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። እኔ ይሄንን ሎተሪ ነው የምለው። የባላትሮ ሠሪ "እውነተኛ ቁማር ብጨምርበት ወደ 3 ታወርዱልኛላችሁ?" ዓይነት ቀልድ ቀለደ። ሳቅሁ። ግን ቀልዱ እውነት አለው፤ የልጁን ዓይን ከደም ጋርደን ጣቱን ከእናቱ ባንክ ካርድ ላይ አላነሳነውም።

እህቴ ማታ መልሳ ደወለች። አልገዛችም። "ግን በሕግ ክልክል ነው እንዴ?" አለችኝ። አይደለም። ካሊፎርኒያ ከልክላ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011፣ 7 ለ 2 ሻረው። ሱቁ መታወቂያ የሚጠይቀው በራሱ ደንብ ነው። እንግሊዝ አገር ግን ሕግ ነው፣ ሻጩ ይቀጣል። "እንግዲያውስ ፊደሏ ለእኔ ነው የተጻፈችው" አለች። አዎ፣ ለእሷ። ከፊደሏ ይልቅ ደግሞ አጠገቧ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ።

እኛ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ሳን አንድሪያስ ያለ ማሸጊያ ነው የኖረው። ኮፒ ሲዲ፣ ላዩ ላይ በማርከር "ጂቲኤ" ተጽፎበታል። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ፣ ትንሽ ጽሑፍ የለ። ግድግዳው ላይ ግን አንድ ወረቀት አለ፦ "ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ አናስተናግድም።" የሰፈራችን የዕድሜ ገደብ እሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በዚያ ሳልፍ አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። 11 ዓመት ቢሆነው ነው። ግራ ቀኙን አየ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ ገለበጠው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ ወደ ውስጥ ገባ። መልሶ ለበሰውና ገባ። ባለቤቱ ሹራቡን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ጆይስቲኩን አቀበለው።