ጥላ የሚጠፋባት ከተማ

ለፋሲካ ድሬዳዋ እናቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ባዶ የኒዶ ጣሳ ሲሚንቶው ላይ አቆምኩ። የእህቴን ልጅ ጠራኋት። እሷ ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ጠራች። ሙቀቱ የድሬ ሙቀት ነው፤ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጋደም ብሏል። ልጆቹ ግን ጣሳውን ከበው ቁጢጥ አሉ።

መጀመሪያ ጥላው አንድ ጣት ያህል ነበር። ከዚያ ግማሽ ጣት ሆነ። ስድስት ሰዓት ካለፈ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣሳው ሥር ገብቶ ጠፋ። "አቦ፣ ጥላው የት ገባ?" አለ አንዱ። አንዷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ በሶማሊኛ "ሆስ" እያለች ታስረዳዋለች። ከወዲያ በኩል ደግሞ በኦሮምኛ "ጋዲዱ" ይባላል። በሦስት ቋንቋ ጥላ ተፈለገ።

ነገሩ ይህ ነው። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች። እኔ የምኖርበት ዋሽንግተን አካባቢ ይህ በፍጹም አይሆንም። ከ23.4 ዲግሪ በላይ ባለ አገር ፀሐይ አናት ላይ አትወጣም። የድሬ ልጅ በነጻ ያገኘውን የዋሽንግተን ልጅ በገንዘብ አያገኘውም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹን የጠራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ድሬ ተወልጄ ሳድግ ማንም አልነገረኝም።

ለእኔ የነገረኝ ባሕር ማዶ ነው። ዋሽንግተን ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። ለዓመታት ታክሲ ስነዳ በሩ ላይ ሰው አውርጃለሁ። አንድም ቀን አልገባሁም። የሌላ ሰው ቤት ይመስለኝ ነበር። ብዙ የእኛ ሾፌሮች እንደዚያው ናቸው። ከዚያ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ። "ቤተሰብ ሁሉ ተጋብዟል" ይላል። ጠሪ አክባሪ ነው፤ ሄድን።

ሙዚየሙ ውስጥ በእጅ የሚነካ የጨረቃ ድንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 አፖሎ 17 የተባለው የጨረቃ ጉዞ ካመጣቸው ድንጋዮች የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ብዙ እጅ ስለዳበሰው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ልጄ ሌባ ጣቱን አሳርፎበት አላነሳ አለ። አጠገቡ የቆሙት አዛውንት በጎ ፈቃደኛ አላጣደፉትም። ጎንበስ ብለው "ምን ተሰማህ?" አሉት። ቴሌስኮፕ ከማየቴ በፊት እኔ ያየሁት እኚህን ሰው ነው። አገሩን ከእኛ የሚለየው ሮኬቱ ብቻ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ "ግቡ" የሚል ሰው መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣም እንደዚሁ፣ በመላ አገሪቱ በየቤተ መጻሕፍቱ በሚሊዮን የሚቆጠር መነጽር በነጻ ታድሏል።

እኛስ? ባዶ እጃችንን አይደለንም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እንጦጦ አናት ላይ፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ስደት ላይ ሆኜ በደስታ አልቅሻለሁ። ድሬ ግን ከእንጦጦ በመኪና መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የእህቴ ልጅ የሳተላይቷን ስም ለፈተና ሸምድዳዋለች። ከደንገጎ ተራራ በላይ ማታ ማታ ምን እንደሚወጣ ግን አታውቅም ነበር።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። አራት ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ወጣን። በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ከተራራው ከፍ ብለው ይታያሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ አሉ። ሁለቱን በአንድ ሌሊት፣ አንገት ብቻ አዙሮ ማየት የሚቻለው እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ነው። ዋሽንግተን የደቡብ መስቀል ጨርሶ አይወጣም።

ሰማዩ ለሕዝባችን ባዕድም አይደለም። ቦረናዎች ቀን የሚቆጥሩት በጨረቃና በከዋክብት ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቁርኣን የቀራ ልጅ "ሪጅል" እግር መሆኑን ያውቃል፤ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው ደማቅ ኮከብ ሪጀል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አስተማሪ ከዚህ ቢጀምር ልጁ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ ይሰማል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ቀን አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። ድሬና ሐረር ላይ በከፊል ነው፤ ጊዜውም ከቀትር በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ደመናም ሊኖር ይችላል። በኤክስሬይ ፊልም ወይም በተራ ጥቁር መነጽር ማየት ዓይን ያጠፋል። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለበት ትክክለኛ መነጽር ያስፈልጋል። በዚያ ክረምት ወደ አገር ቤት የምትገቡ፣ ከሽቶና ከጫማው መሃል መቶ መነጽር ቦታ አይፈጅም። ከታመነ ሻጭ ግዙ እንጂ። መነጽር ያልደረሰው ደግሞ ፀሐይን ቀና ብሎ ሳያይ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ይቁም። በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ የግርዶሹን ማስታወቂያ ከወዲሁ ጀምራለች። አማርኛውን ራሷ ጻፈች። ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን ጣሳውን ከብበው የነበሩት ልጆች ጨርሰዋል። ሐረሪኛውን የሚጽፍልን ሰው እየፈለግን ነው።