ኮዱ የሚያወራው ስለ ምግቡ ነው ወይስ ስለ ካርቶኑ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ከቅርብ አምራች በሚመጣ ምግብ ላይ፣ ከማሳ እስከ መደርደሪያ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይ ኪውአር ኮድ መለጠፍ ሸማቹን ይጠቅማል።

ደጋፊዋ፦ «ቅርብ» ማለት «የሚታወቅ» ማለት አይደለም። ምግቡ ከአቅራቢያ ቢመጣም መሃል ላይ ሰብሳቢ አለ፣ ሹፌር አለ፣ መጋዘን አለ። ሰው ታመመ እንበል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ደረሰኝ ማገላበጥ ሊጀመር ነው። የአሜሪካው የሱፐርማርኬት ኩባንያ ዋልማርት ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይቢኤም ጋር ሆኖ አንድ ፓኬት የተከተፈ ማንጎ የመጣበትን እርሻ ፍለጋ ገብቶ ነበር። በተለመደው መንገድ 6 ቀን ከ18 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ፈጀ። መረጃው ብሎክቼይን ላይ፣ ማለትም ብዙ ድርጅቶች የሚጋሩት፣ አንዴ የተጻፈበት የማይፋቅ ዲጂታል መዝገብ ላይ ሲገባ 2.2 ሰከንድ። በእነዚያ 6 ቀናት ሰው ያንኑ ምግብ እየበላ ነው። ነጋዴው ከደነገጠ ደግሞ ሁሉንም ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ምንም ያላጠፋው ትንሽ አምራችም አብሮ ይመታል።

ተቃዋሚው፦ እህቴ የነገሩን የነጋዴውን ጥቅም ነው። 2.2 ሰከንዱ የተቆጠረው ቢሮ ውስጥ እንጂ ሸማቹ ስልክ ላይ አይደለም። ሸማቹማ በመጠይቅ ሲጠየቅ «መነሻውን ማወቅ እፈልጋለሁ» ይላል፤ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ አንስቶ ይሄዳል። እኔ አንድ ቀን የምሬን ስካን አደረግኩ። በአንድ እጄ ቅርጫት፣ በአንዱ ስልክ፣ ከኋላዬ ደግሞ ጋሪዋን የምትገፋ ሴትዮ ትንፋሽ። መጀመሪያ አፕ አውርድ አለኝ። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሬንና ያለሁበትን ቦታ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ምን ወጣ? ፈገግ ያለ ገበሬ ፎቶ። ምርቱ መቼ እንደተሰበሰበ አንድ ቃል የለም።

ይሄ እንኳ ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ የሆነውን እናስታውስ። ወተት ውሃ ሲገባበት ፕሮቲኑ ይቀንሳል። ምርመራው ግን የሚለካው ናይትሮጅንን ነበር፤ ፕሮቲኑ የሚሰላው ከዚያ ነው። ሜላሚን የሚባለው፣ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ደግሞ ናይትሮጅን በናይትሮጅን ነው። አጭበርባሪዎች ወተቱ ላይ ጨመሩት፣ መሣሪያውም «በቂ ፕሮቲን አለው» አለ። 6 ሕፃናት ሞቱ፣ 300,000 ገደማ ታመሙ። ያ ቁጥር ብሎክቼይን ላይ ቢገባ ኖሮ ውሸቱ በማይፋቅ ቀለም ተጻፈ ማለት ነው።

ደጋፊዋ፦ በአፑ ተረትቻለሁ። ማስታወቂያን «መነሻ» ብሎ መለጠፍ ማጭበርበር ነው። ወተቱ ላይ ግን ወንድሜ አንድ ነገር ዘለሉ። የብዙ ትንንሽ አርቢዎች ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ላይ ይቀላቀላል። ትልቁ ማጭበርበር የተፈጸመውም እዚያ፣ በአርቢውና በፋብሪካው መሃል ነው። ማን ምን አመጣ የማይባልበት ቦታ ለቀጣፊ ገነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የምግብ ነጋዴ ሁሉ ከማን እንደገዛና ለየትኛው ድርጅት እንደሸጠ እንዲያሳይ የሚያስገድደው በከንቱ አይደለም። ሸማቹ ሰነዱን አያነብም፤ ሰነዱ ግን እሱን ከጉዳት ይጠብቀዋል።

ተቃዋሚው፦ ይሄማ የኔ ነጥብ ነው! ካላነበበው ኮዱ ለምን ይለጠፋል? ሰነዱ ከኋላ ይያዝ። ከቅርብ የሚገዛ ሰው እኮ የሚገዛው «መቼ ቆረጥከው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ስላለ ነው። ያንን ሰው ማታ ደክሞት ሲገባ ስልክ ላይ ቅጽ ያስሞሉታል። እንቅልፍ እየጣለው የሞላውን ነገር እኔ «መረጃ» ብዬ ላነብ ነው?

ደጋፊዋ፦ ሰውየው ቢመልስስ? ከተቆረጠ በኋላ ስንት ሰዓት ያለ ማቀዝቀዣ እንደቆየ ሹፌሩ እንጂ እሱ አያውቅም። ገጹ አራት ነገር ብቻ ይያዝ፦ የተሰበሰበበት ቀን፣ መንገድ ላይ የነበረው ሙቀት፣ በስንት እጅ እንዳለፈ፣ እያንዳንዱን መረጃ ማን እንዳስገባ። አፕ የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ።

ተቃዋሚው፦ አራተኛው ካለ ስካን አደርጋለሁ። ፎቶውን ግን አውጡልኝ።