ኤቢኤልን «ካንሰር አምጪ ኢንዛይም» ከማለታችን በፊት

ስለ አንድ የደም ካንሰርና ስለ መድኃኒቱ ያነበብኩት ጽሑፍ ኤቢኤል የተባለውን ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) «ካንሰር አምጪ ኢንዛይም» ብሎ መጥራቱ አንባቢን የሚያሳስት ይመስለኛል። ይህ ኢንዛይም በጤነኛ ሴል ውስጥም አለ፤ የሴል ኃይል ተሸካሚ ከሆነው ሞለኪውል ከኤቲፒ ላይ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ውስጥ ባለው ታይሮሲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ይለጥፋል፣ የተለጠፈበትም ፕሮቲን ሥራውን ይጀምራል ወይም ይለውጣል። ጤነኛው ኤቢኤል በማይፈለግበት ጊዜ ራሱን አጥፎ ይዘጋል። ችግሩ የሚመጣው የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ፣ የኤቢኤል ጂን ቢሲአር ከተባለው ጂን ጋር ተጣብቆ መዝጊያ የሌለው ኢንዛይም ሲያስገኝ ነው፤ ያን ጊዜ በመቅኒ ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች «ተባዙ» የሚለው ትእዛዝ ሳይቋረጥ ይደርሳቸዋል፣ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰርም ይከተላል። አሜሪካዊቷ የጄኔቲክስ ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ ይህንን የቦታ መለዋወጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት በማይክሮስኮፕ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው የዚህ ካንሰር መድኃኒት ኤቲፒ የሚገባበትን ኪስ ቀድሞ ይይዝና ኢንዛይሙን እንደተዘጋ ያስቀረዋል። መድኃኒቱ በአንዳንዶች ላይ መሥራት ስለሚያቆምበት ምክንያት የጽሑፉ ጸሐፊ «ሰውነት መድኃኒቱን ይለምደዋል» ያሉት ግን መታረም አለበት። በብዙ ሕሙማን ላይ የሚለወጠው ኢንዛይሙ ራሱ ነው፤ ለምሳሌ በ315ኛው ቦታ ላይ ያለው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን ሲተካ (አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ!) ኢማቲኒብ ኪሱ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፣ ፖናቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት ግን ይህንኑ ለውጥ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ በመሆኑ ይገባል። ሐኪሞች ታካሚው ደኅና ነኝ እያለ እንኳ በየ3 ወሩ ደሙን የሚያስመረምሩት እንዲህ ያለው ለውጥ ሳይታይ እንዳያመልጥ ነው።