ውዳሴ ዴክ ወጋራዥ

አሜሪካኖች ሕግ አክባሪ ናቸው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም። እውነቱን ነው። አሜሪካዊ ሕግ ያከብራል፣ በተለይ የጎረቤቱ ቤት ላይ ሲሆን። የራሱ ቤት ጋ ሲደርስ ደግሞ ከማክበርም ያልፋል። ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፎቶና ፕላን በክንዱ ይዞ፣ ማክሰኞ ማታ ሲቲ ሆል (ማዘጋጃ ቤት) ይሄድና "ደንቡ ግሩም ነው፣ እደግፈዋለሁ፣ እኔ ጋ ብቻ እለፉኝ" ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል? እኛ አገር ቢሆን ሰውየው አጥሩን በሌሊት ገፋ አድርጎ ጠዋት "ድሮም እዚሁ ነበር" ይላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሽማግሌዎቹ ያረጃሉ፣ ነገሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እዚህ ወሰን የሚገፋው በማመልከቻ፣ በክፍያና በፓወርፖይንት ነው። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። የምኖረው ሜኒሶታ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ። በከተማችን ደንብ ቤት ከፊት ለፊት ከመንገዱ 30 ጫማ፣ ከጎን ከጎረቤት ወሰን 10 ጫማ መራቅ አለበት። ሴትባክ ይባላል፣ አዲስ አበባ ያሉ መሐንዲሶችም እንዲሁ ነው የሚሉት። ምክንያቱም የሚገባ ነው። እሳት ቢነሳ ከጣራ ጣራ እንዳይዘል፣ አየርና ብርሃን እንዲገባ፣ የአንተ ጣራ በረዶ የሰው መስኮት ላይ እንዳይወርድ። ከዚህ አንሶ መሥራት የፈለገ ሰው ቫሪያንስ የሚባለውን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚሰማው ፕላኒንግ ኮሚሽን ነው፦ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ቤት አሻሻጭ፣ የኢንሹራንስ ሰው፣ ሁሉም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ እራታቸውን በችኮላ በልተው የመጡ።

እስቲ የሕጉን ውበት እንየው። በሜኒሶታ ሕግ ጠያቂው ከባድ ነገር አይጠየቅም። ቦታዬን ልጠቀምበት ያሰብኩት ለተገቢ ነገር ነው ማለት አለበት። ችግሩ ከቦታው ልዩ ሁኔታ የመጣ ነው፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም ማለት አለበት። የሰፈሩን ጠባይ አይለውጥም ማለት አለበት። ከዚያ አንዲት መስመር አለች፦ የገንዘብ ጉዳይ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም ትላለች። ይህቺ መስመር ሰውን እንዴት እንዳጠራችው ልነግራችሁ አልችልም! በዚያ አዳራሽ ውስጥ ገንዘብ የሚያስብ አንድም ፍጡር የለም። ጋራዡን ወደ ጓሮ ቢወስደው የመኪናው መግቢያ መንገድ ስለሚረዝም ዋጋው እንደሚንር ጠያቂው ያውቃል፣ ኮሚሽኑ ያውቃል፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሹራብ የምትሠራ ሴትዮም ታውቃለች። ማንም ትንፍሽ አይልም። የሚነሳው ዛፉ ነው። "ያቺን የኦክ ዛፍ እንዴት ብዬ ልቁረጣት?" ይላል ሰውየው፣ ድምፁ እየሰለለ። ኮሚሽኑ ለዛፏ ሲል አራት ጫማ ይፈቅዳል። በሚቀጥለው በጋ ዛፏ የለችም። ታማ ነበር አሉ።

የቦታውን ልዩነት በተመለከተማ እኔ የምኖርበትን መንገድ ያየ ሰው ይመስክር። ሁሉም ቤት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ኮንትራክተር፣ በአንድ ፕላን የተሠራ ነው። ሌሊት ጠጥቶ የመጣ ሰው የጎረቤቱን በር ቢከፍት አይፈረድበትም። ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ ቦታ በምድር ላይ አምሳያ የለውም። የአንዱ ትንሽ ያዘነብላል። የሌላው ጥግ ላይ ነው። የሦስተኛው ጥግ ላይ አለመሆኑ ነው ችግሩ። በዚህ ሁሉ ዓመት "የእኔ ቦታ እንደ ማንም ቦታ ነው" ያለ ጠያቂ አልሰማሁም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። አንድ ምሽት አንዲት ሴትዮ ውሻዋ አርጅታ ደረጃ መውጣት እንደተሳናት፣ ስለዚህ ዴኩ (ከቤቱ ጋር የተያያዘው የእንጨት በረንዳ) ወደ ጎን ሰፍቶ ለውሻዋ መውጫ የሚሆን ተዳፋት እንዲሠራለት ጠየቀች። የውሻዋን ፎቶ በትልቁ ስክሪን አሳየች። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ መነጽሩን አውልቆ "ስንት ዓመቷ ነው?" አላት። አሥራ ሦስት። ጸጥታ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ቫሪያንስ አንዴ ከተሰጠ የሚሄደው ከቦታው ጋር እንጂ ከሰውዬው ጋር አይደለም፣ ከውሻውም ጋር እንደዚያው። ውሻዋ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ተዳፋቱ ግን አለ። ጫፉ ላይ የጋዝ ግሪል፣ ስድስት ወንበርና ጥላ አለበት። አርብ አርብ የሚጠበሰው ሥጋ እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይሸታል። ነፍሷን ይማር እላለሁ፣ በሸተተኝ ቁጥር።

ይህ ልማድ ደግሞ የትናንት አይምሰላችሁ፣ ታሪክ ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ውስጥ ቨርጂኒያ ያለችው ሮአኖክ ከተማ ቤቶች ከመንገድ እንዲርቁ ደንብ አወጣች፣ ለየት ያለ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ምክር ቤቱ አይቶ መፍቀድ ይችላል አለች። አንድ ባለ ቦታ ሱቁን እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ልሥራ አለ። ምክር ቤቱ ሰምቶ፣ አስቦ፣ 35 ጫማ ያህል ራቅ ብለህ ሥራ ብሎ ፈቀደለት። ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሄዳል። ይሄ ጀግና ከሰሰ። እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1927 ተረታ፣ ሴትባክም በመላ አገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ሆኖ ተቀመጠ። ሰውየው ያንን ሁሉ ደክሞ ለሌላው ሰው ያተረፈለት ነገር ቢኖር ጠንካራ ደንብ ነው። ሐውልት አልቆመለትም። ቢቆምለትም መንገዱ ጠርዝ ላይ ካልሆነ አይቀበልም ነበር።

እኛም ሜኒሶታ የራሳችን ታሪክ አለን። ሚኔቶንካ ውስጥ ከመንገድ 50 ጫማ መራቅ ሲገባው 17 ጫማ ላይ የቆመ አሮጌ ጋራዥ ነበር፣ ጣራው ጠፍጣፋ። ባለቤቱ ጣራውን ቀይሬ፣ ከላዩ ፎቅ ጨምሬ፣ የዮጋና የእጅ ሥራ ክፍል ላድርግበት አሉ። ከተማው ፈቀደ። ጎረቤት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሜኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕጉን ቃል ቃል በቃል አነበበና፣ ያለ ልዩ ፈቃዱ ቦታው ለምንም የማይረባ ካልሆነ በቀር ቫሪያንስ አይሰጥም አለ። ጋራዡ ጋራዥ ሆኖ እያገለገለ አይደለም እንዴ? አበቃ። የክፍለ ግዛቱ ከተሞች በሙሉ ደነገጡ። በዚያ መለኪያ ማን ሊያልፍ? ዓመቱ ሳይዞር፣ በ2011፣ ሕግ አውጪዎቹ ተሰብስበው መለኪያውን አለዘቡት። ሌላ አገር ሕግ ለማስለወጥ አብዮት ይነሳል፣ ሰው ይታሰራል። እኛ ጋ የዮጋ ምንጣፍ መዘርጊያ በቂ ነው።

ከጠያቂዎች ሁሉ ደግሞ ባርኔጣዬን የማነሳው አስቀድመው ሠርተው በኋላ ለሚጠይቁት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለነሱ ነው። እዚህ አካባቢ የዴክ ምሰሶ መሠረት አፈሩ በብርድ ከሚጠጥርበት ጥልቀት በታች እንዲወርድ 42 ኢንች ይቆፈራል። ቀልድ አይደለም፣ እስከ ወገብ የሚውጥ ጉድጓድ ነው። ያንን ሁሉ ቆፍሮ፣ ኮንክሪት ሞልቶ፣ እንጨቱን አቁሞ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀብቶ፣ ጁላይ አራትን፣ የአሜሪካኖቹን የነጻነት በዓል፣ አክብሮበት ሲያበቃ ኢንስፔክተሩ ይመጣና "ፐርሚት አለው?" ይላል። ሰውየው ይገረማል። ለዴክም ፐርሚት ያስፈልጋል? ኮሚሽኑ ፊት ሲቆም ጥፋቱ የኮንትራክተሩ ነው። የኮንትራክተሩ ስልክ አይነሳም። ሰርቬየሩ የተከላት፣ ሮዝ ሪባን የታሰረባት የወሰን ብረትም "ሣር ሲታጨድ ሳትነቀል አልቀረችም።" እና አሁን ይፍረስ? ያ ሁሉ እንጨት? ኮሚሽኑ ውስጥ ያለችው መምህርት፣ ሠላሳ ዓመት የቤት ሥራውን ውሻ የበላበት ልጅ ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ እጇን ታወጣለች። ተፈቀደ።

የኛ ሰው እንዴት ነው እንዳትሉኝ። የኛ ሰውማ ለዚህ ተፈጥሯል! በላ ልበልሃ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ፣ በርስት ቀልድ የለም ሲባል ያደገ ሕዝብ፣ ሦስት ደቂቃና ማይክሮፎን ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ጋራዣቸውን አምስት ጫማ ወደ ጎን ሊያሰፉ ጠየቁ። ምክንያት? ቁሌት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ቤት ውስጥ ከተቁላላ ሽታው ካፖርት ውስጥ ይገባል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፣ ስለዚህ እትዬ ጋራዥ ውስጥ ምድጃና የእንጀራ ምጣድ ያስፈልጋቸዋል። ሊቀመንበሩ በጥሞና ሰሙና "ሰር፣ ይህ ችግር የቦታው ነው ወይስ የወጡ?" አሏቸው። ጋሼ አንድ አፍታ አሰቡ። "የቦታው ነው" አሉ። "ቦታው ሰፊ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ምን ይሸተው ነበር?"

ልብ በሉ፣ የሚጠይቁት ወደ ጎረቤቱ አምስት ጫማ መጠጋት ነው። ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ ወደ ጎረቤት ተጠጉ። እንዲህ ያለ ክርክር የሰማ ዳኛ እምቢ ቢል ነው የሚገርመው። ደግሞ ጋሼ ሥራቸውን ቀድመው ሠርተው ነበር፤ ከሲቲው የወጣው ማስታወቂያ ጎረቤቶች ጋ ሳይደርስ ድፎ ዳቦ ደርሷል። አንድም የተቃውሞ ደብዳቤ አልገባም። አራት ለሦስት አለፈ፣ እልልታ ቀረ እንጂ።

እና ደስ የሚለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎረቤትየው፣ አያቱ ከፊንላንድ የመጡ ሰው፣ ጓሮው ጥግ ላይ ሳውና (በጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የላብ መታጠቢያ) ልሥራ ብሎ አመለከተ። ከወሰኑ አራት ጫማ ብቻ ይርቃል። ሜኒሶታ ውስጥ ፊንላንዳዊን ሳውና መከልከል ማለት ለኛ ሰው ቡና እንደ መከልከል ነው። የሕዝብ አስተያየት ሲከፈት ማን ብድግ አለ? ጋሼ። ያው ጋሼ፣ ያው ሱፍ፣ ያው መነጽር። የደንቡን ቁጥር ከነንዑስ አንቀጹ ጠቀሱ። አሥር ጫማ የተባለው በምክንያት ነው አሉ። የሰፈሩ ጠባይ ይበላሻል አሉ። ዛሬ ለአንዱ ቢፈቀድ ነገ ሁሉም ይመጣል አሉ። በመጨረሻ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ ጭስ ተናገሩ። ጭሱ ልብስ ውስጥ ይገባል አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም፣ ይሄን ነው የማደንቀው። ምክንያቱም በዚያ ምሽት ለመቃወም ከተሰለፉት ውስጥ የዴኩ ሰውዬ ነበረ፣ የኦክ ዛፏ ሰውዬም ነበረ። ፈቃድ ያገኘ ሰው ለደንቡ ያለው ፍቅር ሌላ ነው። ደንቡን ጥሶ የማያውቅ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ደንቡ አንዴ የተላለፈለት ግን በየወሩ ይመጣል፣ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ የወሰኑን ልክ በቃሉ ያውቃል፣ ቀጣዩ ሰው ግማሽ ጫማ እንኳ እንዳያልፍ እንቅልፍ የለውም። ከተማው ለደንብ አስከባሪ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ለሁሉም አንዳንድ ቫሪያንስ መስጠት ነው።

የሳውናው ጉዳይ ለጊዜው አድሯል። ኮሚሽኑ ተጨማሪ ጥናት ብሎ አስተላለፈው። ብዙ ማስተላለፍ ግን አይቻልም፤ በሜኒሶታ ሕግ ከተማ እንዲህ ያለ ማመልከቻ በ60 ቀን ውስጥ ካልመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ በጽሑፍ አሳውቆ ሌላ 60 ቀን ካላራዘመ በቀር። ስለዚህ ሲቲ ሆል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈራው መሐንዲስም ጠበቃም አይደለም፣ ካላንደር ነው። ፊንላንዳዊው ይህን ያውቃል። ድንጋዮቹን ከወዲሁ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ቆልሏቸዋል።

የሚቀጥለው ወር አጀንዳ ወጥቷል። አንደኛ ሳውናው። ሁለተኛ የሼድ ጣራ። ሦስተኛው የሦስት መኪና ጋራዥ ነው፣ ከጎን ወሰን 10 ጫማ የነበረው 6 እንዲሆን፣ ጠያቂው ደግሞ የኮሚሽኑ አባል ናቸው፦ እኚያ ስለ ውሻዋ ዕድሜ የጠየቁት። ተራቸው ሲደርስ ከወንበራቸው ተነስተው፣ የስም ሰሌዳቸውን በግንባሩ ደፍተው፣ ዞረው መጥተው ማይክሮፎኑ ጋ እንደ ማንም ሰው ይቆማሉ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ይናገራሉ፣ ሊቀመንበሩ እንደማያውቋቸው ሆነው "እንኳን ደህና መጡ፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት" ይሏቸዋል። ቦታቸው ለየት ያለ ነው አሉ፤ ትንሽ ያዘነብላል። ጋሼም እንደሚናገሩ ከወዲሁ ተመዝግበዋል።