እንዶዱ የእኛ፣ ፓተንቱ የኦሃዮ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ የቆየ ነው፤ ለምርምር ገንዘብ ስለምንነፍግ ነው፤ ግን በየዓመቱ የበጀት ወሬ ሲነሳ ይቀሰቀስብኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። አሜሪካ ተምረው መመለሳቸው ነው። አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ደግሞ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ዶክተሩ ነገሩ ገባቸው። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት ፍሬ በሽታውን ከምንጩ ሊቆርጠው ይችላል።

ዝም ብለው አልተቀመጡም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ (የበሽታ ጥናት) ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። አድዋ ላይ ለ5 ዓመት ያህል እንዶድ ተሞከረ። በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እስቲ አስቡት፤ ይህ በእኛ ተክል፣ በእኛ ሰው፣ በእኛ ወንዝ የተገኘ ውጤት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያንገበግበኝ። ውጭ ያሉት ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ አሉ። እንዲህ ያለ ምርመራ ብዙ ብር ይፈልጋል። እኛ ጋ ላቦራቶሪውም ብሩም አልነበረም። ዓመታት አለፉ። ልጆች በበሽታው መያዛቸውን ቀጠሉ። ዶክተር አክሊሉም አገር ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገቡ፤ እንዶድን ግን አልተዉትም። በመጨረሻ ለምርመራው ገንዘብ ያወጣው የካናዳ የምርምር ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ትልቅ ሽልማት የተቀበሉትም ስዊድን ሄደው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። እዚያ ኢሪ ሐይቅ ላይ አንድ ባለዛጎል የውሃ እንስሳ ከሌላ አገር መጥቶ ተራብቶ ነበር። የውሃ ቧንቧ ይደፍናል። ዶክተሩ፣ እንዶድን ሞክሩበት አሉ። ተሞከረ፤ ገደለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓተንቱ፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ፣ ወጣ። የዶክተሩ ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ተጽፏል። ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው።

ኦሃዮን አልረግምም። ቶሌዶ በግዛቱ መንግሥት በጀት የሚደገፍ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡ ሲመጣለት የሚሞክርበት ላቦራቶሪ ነበረው። የሚሞክር ባለሙያ ነበረው። ፓተንት የሚያስመዘግብ ክፍል ነበረው። እንግዳ ሆነው ለሄዱት ሰውዬ ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። እኛስ ለገዛ ልጃችን ምን አዘጋጅተን ነበር?

እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱ አሁን በስማቸው ይጠራል። ያንን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሐዘን ይቀድመኛል። ለስም ለጋሶች ነን፤ ለምርመራ መሣሪያ ግን እጃችን ይታጠፋል።

ደግሞ በእሳቸው አላበቃም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ማሽላን አቀንጭራ ከተባለው አረም ያዳኑ ሳይንቲስት ናቸው። የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 እ.ኤ.አ. ሲያገኙ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እሱም የግዛት ዩኒቨርሲቲ ነው።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ከአገር ውስጥ ምርታችን ቢያንስ 1 በመቶውን ለምርምር እናውላለን ብለው ነበር። ቃሉ የተገባው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። እኛ እንኳን አልደረስንበትም።

መንግሥትን ብቻ መውቀስ ይቀለናል። ግን እኛስ? ዩኒቨርሲቲ ይከፈትልን ብለን ሰልፍ እንወጣለን። ሕንፃው ሲመረቅ እናጨበጭባለን። ከዚያ ላቦራቶሪው ውስጥ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተመራማሪ ልጃችን ከውጭ ሲመለስ ደግሞ፣ «ምን አጥተህ መጣህ?» እንለዋለን። አፍረን አናውቅም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደሞዝ አልበቃንም ብለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ሲያቆሙ ስንቶቻችን ከጎናቸው ቆምን?

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ድህነታችንን አውቀዋለሁ። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ከእናንተ ጋር እየኖርኩት ነው። ግን ቢልሃርዚያም የድሃ በሽታ ነው፤ አቀንጭራም የሚበላው የድሃ ማሽላ ነው። እነዚህን ለማጥናት ከእኛ በላይ ምክንያት ያለው ማን ነው?

እለምናችኋለሁ። በጀት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ምክር ቤት ይቀርባል። የመረጣችሁትን ሰው ለምርምር ስንት ተያዘ ብላችሁ ጠይቁ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁና ሀብት ያፈራችሁ፣ ለተማራችሁበት ክፍል አንድ ማይክሮስኮፕ ግዙ። ልጁ ሲመለስ ደግሞ «እንኳን መጣህ» በሉት፤ ምን እንደጎደለውም ጠይቁት። በአንድ ዓመት የሚለወጥ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ደክሞኛልም። ግን ዘንድሮም ሰኔ ሲደርስ እጠይቃለሁ፤ ብቻዬን ባልሆን ደስ ይለኛል።