ከዚራና መጋላ በኦስካር ተሟገቱ፤ ዴሚ ወይስ ማይኪ?

የ2017ቱ የኦስካር ሽልማት የዋለው በአድዋ በዓል፣ የካቲት 23 ነው። ያ በሎስ አንጀለስ አቆጣጠር ነው። እኛ ድሬዎች ጋ ሲደርስ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሽልማቱ አምስት ቀን ሲቀረው ሁለት ሰዎች የተጻጻፉት ነው። አንደኛው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ እዚያው ከተማ፣ መጋላ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያላት ወጣት ናት። በመሃላቸው ያለው የደቻቱ ወንዝ በዚህ ወር አሸዋ ብቻ ስለሆነ ተሻግረው መነጋገር ይችሉ ነበር። መጻፍ መረጡ።

ከዚራ፦ ልጄ፣ እኔ ትንቢት አልናገርም፤ እደምራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የደመርኩ ሰው ነኝ። ለኦስካር ድምፅ የሚሰጡት እነማን ናቸው? ፕሮዲውሰሮች፣ ዳይሬክተሮች፣ ተዋንያን። ብዙዎቹ በየማኅበራቸው ቀድመው ይሸልማሉ። ስለዚህ መልሱ ከፈተናው በፊት ወጥቷል ማለት ነው። የፕሮዲውሰሮች ማኅበር «አኖራ» አለ። የዳይሬክተሮቹ ማኅበር በዚያው ምሽት ለ«አኖራ»ው ዳይሬክተር ለሾን ቤከር ሰጠ። ሃያስያኑም በዋዜማው «አኖራ»ን መርጠው ነበር። እንግዲህ ምርጥ ፊልም «አኖራ»፣ ምርጥ ዳይሬክተር ቤከር። ከወንዶች ኤድሪያን ብሮዲ፤ ጎልደን ግሎብን፣ የሃያስያኑንና የእንግሊዞቹን ባፍታ ሰብስቧል። ከሴቶች የ«ዘ ሰብስታንስ»ዋ ዴሚ ሙር፤ የተዋንያን ማኅበርን ጨምሮ ከአራቱ ትልልቅ ሽልማቶች ሦስቱን ይዛለች። በረዳት ተዋናይነት ኪረን ከልኪንና ዞዪ ሳልዳኛ። እነሱ ላይ ቀለም አላባክንም።

መጋላ፦ ጋሼ፣ በረዳቶቹና በዳይሬክተሩ እስማማለሁ። የቀረው ድምር ግን ቀዳዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 «1917» የተባለው የጦር ፊልም የፕሮዲውሰሮቹንም የዳይሬክተሮቹንም ማኅበር ወስዶ ነበር። ኦስካሩ ለማን ሄደ? ለኮሪያው «ፓራሳይት»። የተዋንያን ማኅበር የመረጠው እሱን ነበር። ዘንድሮ የተዋንያን ማኅበር የመረጠው «ኮንክሌቭ»ን ነው። ባፍታም እንደዚሁ።

ደግሞ ምርጥ ፊልም እንደ ሌላው ዘርፍ አይቆጠርም። መራጩ አሥሩን ፊልሞች በቅደም ተከተል ይደረድራል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይወድቃል፤ ድምፁም ወደ መራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይሄዳል። አሥር ሰው ምሳ ሊበላ ተሰብስቧል እንበል። አራቱ ጥሬ ሥጋ አሉ፣ አራቱ ሽሮ፣ ሁለቱ ፓስታ። ፓስታ ወደቀ። የፓስታ ወዳዶቹ ሁለተኛ ምርጫ ማን ይመስልዎታል? ሽሮ። «ኮንክሌቭ» ሽሮ ነው ጋሼ። ካርዲናሎች በር ዘግተው አዲስ ጳጳስ ሲመርጡ ያሳያል፤ ማን ይጠላዋል? ለእርስዎማ የሁዳዴ ፊልም ነው።

ከወንዶች ቲሞቲ ሻላሜን እላለሁ። እሁድ የተዋንያን ማኅበር ሸልሞታል። ከሴቶች ማይኪ ማዲሰን። እዚህ ላይ አልደራደርም። የ«አኖራ»ን የመጨረሻ ትዕይንት ያስታውሱ። መኪና ውስጥ ናት፣ ውጭ በረዶ ይጥላል። ሙዚቃ የለም፤ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ይሰማል። ያቺ ስትጮህና ስትሳደብ ያመሸች ልጅ በአንዴ ትፈርሳለች። ያየሁት ሱቅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ስኳር አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ነበረ።

ከዚራ፦ ሽሮሽ ጣፍጦኛል፤ ጨው ግን ይጎድለዋል። የፕሮዲውሰሮቹ ማኅበርም የሚመርጠው በዚሁ በመደርደር ነው። እዚያ «ኮንክሌቭ»ም እጩ ነበር፤ ያሸነፈው ግን «አኖራ» ነው። ሽሮውና ጥሬ ሥጋው ገጥመው ታይተዋል ማለት ነው። የ«ኮንክሌቭ» ዳይሬክተር ደግሞ በኦስካሩ የዳይሬክተር ዘርፍ እጩ እንኳን አልሆነም።

ስለ ሻላሜ አትልፊ። የኦስካሩ ድምፅ የካቲት 11 ተዘግቷል፤ የእሁዱ ሽልማት ማንንም አያሳምንም። አንድ ነገር ልንገርሽ። በታሪክ በልጅነቱ ምርጥ ተዋናይ የተባለው ማን ነው? ራሱ ብሮዲ፤ በ29 ዓመቱ፣ በ«ዘ ፒያኒስት»። ሻላሜም 29 ነው፤ ካሸነፈ በወራት ይቀድመዋል። ብሮዲ ግን ክብረ ወሰኑን ቁጭ ብሎ አያስነጥቅም። «ዘ ብሩታሊስት» 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ መሃል ላይ የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለው። እንደ እኛ ከተማ የቀትር ዕረፍት። ዕረፍቱን ሳይቀር አየሁት።

አሁን ወደ ዴሚ። ከ30 ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲውሰር «የፖፕኮርን ተዋናይት ነሽ»፣ ማለትም ለገበያ እንጂ ለሽልማት አይደለሽም፣ ብሏት እንደነበር ጎልደን ግሎቡን ስትቀበል ተናግራለች። ከ45 ዓመት በላይ ሠርታ በትወና የተሸለመችው ያን ዕለት እንደሆነም ራሷ ብላለች። አስፈሪ ፊልም ኦስካር አያሰጥም እንዳትዪኝ፤ ካቲ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1991 በ«ሚዘሪ» ወስዳለች። የመስታወቱን ትዕይንት አይተሻል? ለቀጠሮ ተኳኩላ ልትወጣ ትልና ትመለሳለች። እንደገና ትቀባለች፣ እንደገና ትመለሳለች። በመጨረሻ ሊፒስቲኩን በእጇ ፊቷ ላይ ትፈገፍገዋለች። እኔ ጠዋት ጺሜን ስላጭ ትዝ ይለኛል።

መጋላ፦ ጋሼ፣ አሁን ደመሩ ወይስ አዘኑ?

አቦ፣ ያዝኩዎት! እርስዎ ስሜት ውስጥ ገብተው እኔ ልደምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግሌን ክሎዝ ጎልደን ግሎብን ወሰደች። የሃያስያኑን ከሌዲ ጋጋ ጋር ተካፈለች። የተዋንያን ማኅበርንም ወሰደች። «ስንት ዓመት የለፋች፣ ዘንድሮስ ይገባታል» ይባል ነበር። ባፍታ ግን ለኦሊቪያ ኮልማን ሰጠ፤ ኦስካሩም ለኮልማን ሄደ። ዘንድሮ የባፍታዋ ማን ናት? ማይኪ። የእርስዎ ከአራት ሦስት ያኔም ነበረ።

ሌላም አለ። «አኖራ» ምርጥ ፊልም ይሆናል ካሉ፣ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሸከመችውን ልጅ ጥለው እንዴት ነው የሚመርጡት?

ከዚራ፦ የክሎዝን ነገር ረስቼው ነበር። አልዋሽም። ግን ዴሚን አልቀይርም። ዝርዝሬ በቀለም ተጽፏል። ከፈለግሽ በዚህች ዘርፍ ብቻ እንወራረድ።

መጋላ፦ ረመዳን ሊገባ ቀናት ቀርተውት ውርርድ? ሐራም ነው ጋሼ። ግብዣ ይበሉት። የተሳሳተ ሳምቡሳ ያመጣል፤ የምስር ይሁንና ለእርስዎም ጾም፣ ለእኔም ማፍጠሪያ ይሆናል። ሌሊቱን ለሱሁር ስለምነሳ ከመጀመሪያው አያለሁ። እርስዎ ይተኙ፣ እነግርዎታለሁ።

ከዚራ፦ ማን ይተኛል?

መጋላ፣ ሰኞ ጠዋት፦ ጋሼ፣ ነቅተዋል? ማይኪ!

ከዚራ፣ ሰኞ ጠዋት፦ አይቻለሁ። ዴሚ ስትቀር ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ ከዚያ ምርጥ ፊልሙ እንዳያመልጠኝ መልሼ ከፈትኩት። አሁን ወረቀትና እርሳስ ያዢ። «አኖራ» አምስት ኦስካር ወሰደ። ከአምስቱ አራቱን ቤከር ይዞ ገባ። ብሮዲ አሸነፈ። ሽሮሽ በስክሪፕት አንድ አግኝቶ ቀረ። እኔ ከስድስት አምስት መታሁ፤ አንቺ ከስድስት አራት። በየትኛው ሒሳብ ነው ሳምቡሳ የማመጣው?

መጋላ፦ በግብዣው ሒሳብ። «በዚህች ዘርፍ ብቻ» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ በጽሑፍ አለ። ቃሪያ ይብዛበት። ከመግሪብ በፊት ይድረስልኝ፣ አምስት ነን።