ባለ ኤች ፒ፣ ባለ ዴል፣ ባለ ቶሺባ

ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ መሆኑ ከተሰማ መካሪ አያጣም። ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ምክሩን «ለምን ሥራ ፈለግኸው?» ብሎ የሚጀምር መካሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የሚጀምሩት ከስሙ ነው። አንዱ «ከኤች ፒ እንዳትወጣ» ይላል። ሌላው «ኤች ፒማ ለስሙ ነው፤ ዕቃ ከተባለ ዴል ነው» ብሎ ያቋርጠዋል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ የሁለቱንም ክርክር በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ ብርጭቆውን አስቀምጦ «እንደ ቶሺባ ያለ ዕቃ ከእንግዲህ አይፈጠርም» ይልና ጉባኤውን ይዘጋል።

በዚህ በሦስተኛው ሰው ለመሳቅ አልቸኩልም። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1985 ቲ1100 የተባለውን፣ በብዛት ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ላፕቶፖች አንዱን ያወጣ ቤት ነው። ችግሩ ቤቱ መዘጋቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የላፕቶፕ ሥራውን አብዛኛውን ድርሻ ለሻርፕ ሸጠ፣ በ2020 የቀረችውንም አስረክቦ ከንግዱ ጨርሶ ወጣ፣ ላፕቶፑም ዳይናቡክ የሚባል ሌላ ስም ወጣለት። ስለዚህ የእኛ ቶሺባ ወዳጅ ቃል ኪዳኑን የሚጠብቀው ጓዙን ጠቅልሎ ለሄደ ሰው ነው። ይህንን ለአንዱ ብነግረው ቅንጣት አልደነገጠም፤ «ታዲያ የድሮው ይሻላል ያልሁህ ለዚህ አይደል?» አለኝ።

የኤች ፒና የዴል ወገኖች ጠብ ደግሞ የሚበርድ አይመስለኝም፤ ማስረጃ የሚቀበል ጠብ አይደለምና። የሚያወድሰው ሰው በእጁ ያለው የኩባንያው ውድ ሞዴል ነው፤ የሚያማው ሰው በእጁ ያለው የዚያው ኩባንያ ርካሽ ሞዴል ነው፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ስም ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው ጠንካራ ዘር እንዳለው፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክን፣ ዴል እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ላቲቲዩድ ይለው የነበረውን፣ ሌኖቮም እ.ኤ.አ. በ2005 ከአይ ቢ ኤም የገዛውን ቲንክፓድን ለዚህ እንደሚያቀርብ፣ ከዚህ ጎን ደግሞ ዋጋው እንዲረክስ ተብሎ የሚሠራ ሌላ ዘር እንዳለው፣ ሁለቱ ዘሮችም ከክዳናቸው ምልክት በቀር እምብዛም የሚጋሩት ነገር እንደሌለ ለማስረዳት የሞከረ ሰው፣ ሲጣሉ የነበሩት ሁለቱ ወገኖች ታርቀው በአንድነት ይነሡበታል። የፋብሪካውን ነገር ማንሣትማ አይሞከርም። ኳንታ የተባለው የታይዋን ኩባንያ (በጾም ስሙ ባይነሣ ይሻላል) ለአፕልም፣ ለኤች ፒም፣ ለዴልም ላፕቶፕ ሲገጣጥም የኖረ ነው፤ የአገሩ ልጅ የሆነው ኮምፓልም እንዲሁ ለዴል፣ ለኤች ፒና ለሌኖቮ ይሠራል። እኛ ማርቆስ ላይ ቡና እስኪቀዘቅዝ የምንኳረፍባቸው ዕቃዎች በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተገጣጥመው ሊሆን ይችላል።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኮሩ ስንት ነው?» የሚለው ነው። መልሱ «ሰቨን» ከሆነ ጠያቂው አንገቱን በአክብሮት ይነቀንቃል፤ «ፋይቭ» ከሆነ «ምንም አይልም» ብሎ ያጽናናል፤ «ስሪ» ከሆነ ወሬ ይቀይራል። ሰባቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር የደረጃ ስም (አይ 7) እንጂ የኮሮቹ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሥራ ክፍሎች፣ ብዛት እንዳልሆነ የሚጠረጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2620ኤም ያሉት ኮሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ2017 የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት አሉት፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ የሚነግረን ትውልዱን ነው፣ አንዱ ሁለተኛ ትውልድ ሌላው ስምንተኛ። እንግዲህ የሁለተኛው ትውልድ ባለ «ሰቨን» የስምንተኛውን ትውልድ ባለ «ፋይቭ» ከላይ ወደ ታች እያየው ቡና ሲጠጣ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል ዘር በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ሆነ። ባለ «ሰቨኑ» ይህን ሲሰማ «ማይክሮሶፍት ወድቋል» ብሎ ፈረደ።

ከእነዚህ ሁሉ ወገኖች በላይ ግን ከፍ ብሎ የተቀመጠ አንድ ወገን አለ፤ ባለ ማኩ። ባለ ማኩ አይከራከርም። ላፕቶፑን ሲያስቀምጥ የተነከሰችው ፖም ወደ ሰው እንድትዞር አድርጎ ማስቀመጡ ክርክሩን ሁሉ ይጨርስለታል። የአጎቴ ልጅ ከዚህ ማኅበር የገባው ዘግይቶ ነው፤ ብር በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻግሮ ሽቅብ ከሄደ በኋላ፣ ባሕር ማዶ ያለች እህቱን በልመና ወጪ አጋርቶ ኤም 1 የተባለው ፕሮሰሰር ያለበትን፣ ባለ 8 ጊጋ ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ማክቡክ ኤር አስመጣ። ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ከመጀመሪያው 16 አድርጎ ለሚያዝ ሰው አፕል ለተጨማሪዋ 8 ጊጋ 200 ዶላር ይጠይቅ ነበር፣ ይህም ማለት ከ20 ሺህ ብር በላይ ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 መነሻውን ያለ ጭማሪ 16 አድርጎታል፤ የአጎቴ ልጅ ግን «ስምንት የማክ ጊጋ አሥራ ስድስት የሌላ ጊጋ ነው» በሚለው ሃይማኖቱ ጸንቷል።

ማኩን ይዞ የማኅበር ጠላ የመጣ ቀን፣ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ የኔታ ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። ሰዉ ሁሉ ክዳኑን እየዳሰሰ ሲያደንቅ እሳቸውም ጠጋ ብለው፣ እንግዳ ተማሪ በመጣ ጊዜ እንደሚጠይቁት አድርገው «ከየትኛው ቤት ነው?» አሉት።

«ከአፕል ነው፣ የኔታ።»

«መልካም ቤት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ምን ይቀኛል?»

የአጎቴ ልጅ ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከባድ ነው። በቅኔ ቤት «ዋሸራ ነኝ» ወይም «ጎንጅ ነኝ» ያለ ተማሪ ክብር ያገኛል፤ ነገር ግን ያቺ ክብር የምትቆየው ከጉባኤው ፊት ቆሞ እስኪቀኝ ድረስ ነው፤ ቅኔው ቢበላሽበት ዋሸራ አይደርስለትም። በእኛ የላፕቶፕ ጉባኤ ግን የቤቱ ስም ከተጠራ በኋላ ቅኔውን የሚጠይቅ የለም፤ የኔታ ባይመጡ ኖሮ የአጎቴ ልጅ ማክ የተገዛው ፊልም ለማየትና በወር አንድ ጊዜ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ መሆኑን ማንም አያውቅበትም ነበር።

ፊልምና ደብዳቤ ብቻ በሆነ ደግሞ ደግ። የአጎቴ ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ በአገራችን የሚፈተነው ደግሞ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚሠራው ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእኛ የሥራ ማስታወቂያ ግን አሁንም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። (የቶሺባ ወዳጆች ብቻቸውን አለመሆናቸው ያስደስታል።) ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ መሐንዲሶቻችን የሚምሉበት ኢታብስም፣ ሲቪል 3ዲም እንዲሁ። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ማኩን ታቅፎ ወደ ጥገና ሱቅ ሄደና በሙሉ ልብ «ዊንዶውስ ጫንልኝ» አለ። ድሮ፣ ማክ በኢንቴል ፕሮሰሰር ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ቡት ካምፕ የሚባል መንገድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኤም 1 ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ። በዙሪያ መንገድ ማስኬድ ቢቻልም ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የሸሸውን ዊንዶውስ በሌላ በር አስገብቶ ፒችትሪ እንዲሸከም ማድረግ ለ8 ጊጋው ግፍ ነበር። ዛሬ የአጎቴ ልጅ ሁለት ላፕቶፕ ይዞ ይሄዳል፤ ያገለገለው ዴል ደመወዙን ያመጣል፣ ማኩ ካፌ ይገባል።

ሆኖም ፍርድ እንዳላጓድል፣ ማኩ አንድ ቀን ረትቶናል። መብራት ከጠዋት ጠፍቶ በዋለበት ዕለት የእኛዎቹ ኤች ፒና ዴሎች ከምሳ በፊት አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ያቺ ፖም እስከ ማታ ድረስ ሳትከደን ዋለች። አፕል ለዚያ ሞዴል እስከ 15 ሰዓት ኢንተርኔት ማሰስና እስከ 18 ሰዓት ፊልም ማየት ያስችላል ብሎ ያወጀው፣ ለጎጃም መብራት ብሎ ባይሆንም፣ ለጎጃም መብራት ግን ሆኗል። እሱ ግን ማኩን ያወደሰው በዚህ አይደለም፤ «ዲዛይኑን እዩት» ነው ያለው። የገዛውን ዕቃ እውነተኛ ጥቅም ትቶ ክዳኑን የሚያመሰግን ሰውን ምን ማድረግ ይቻላል?

የሶፍትዌሩ ነገር ደግሞ ከላፕቶፑ ይብሳል። ለላፕቶፑ «ኦሪጅናል መሆን አለበት» ብሎ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ዓባይ በረሃን በሌሊት የወረደና የወጣ ሰው፣ ላፕቶፑን ይዞ በተመለሰ በማግሥቱ በፍላሽ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ኦፊስና ፎቶሾፕ ሲያስጭን ምንም አይሰማውም። ከክዳኑ ላይ የፋብሪካውን ላስቲክ እንዳይላጥ የሚጠብቅለት ሰው፣ ከማን እጅ እንደመጣ የማይታወቅ ፍላሽ ይሰካበታል፤ በሦስተኛው ቀን ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲያገኛቸው የሚያማው ላፕቶፑን ነው። «በሕጋዊ መንገድ ይግዛ» እንዳንል ደግሞ አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የፎቶሾፕን አዳዲስ እትሞች አንድ ጊዜ ሸጦ መገላገሉን ትቶ በኪራይ አድርጓቸዋል፤ ማይክሮሶፍት 365ም ኪራይ ነው፣ በዶላር፣ በውጭ አገር ክፍያ በሚሠራ ካርድ። ኪራዩን የከፈለም ቢሆን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ኦፊሱ ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከለክለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦብን በቆየበት ክልል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማብራራት ጊዜ አላጠፋም።

ሊብሬኦፊስ የሚባል ነገር አለ፤ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ለሁለት ገጽ ደብዳቤ ከበቂም በላይ ነው። ይህን ለሰው የመከርሁ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ነጻ ከሆነማ ጥሩ ሊሆን አይችልም።» ይህን የሚለኝ ሰው እኮ የሚጠቀምበትን ኦፊስ የገዛ አይደለም። የሰረቀውን የሚያከብረው ዋጋ ስላለው ነው፤ የተሰጠውን የሚንቀው ዋጋ ስለሌለው ነው። የፊደሉን ፕሮግራም ታማኞችም አልዘነጋኋቸውም፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሠንጠረዥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ እያወቁ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ፎንት ጽፈው ደብዳቤ የሚልኩ ጸሐፊዎች ዛሬም አሉ፤ ተቀባዩ ሲከፍተው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ ይወጣል፣ ደውሎ ሲጠይቅም «የእናንተ ኮምፒውተር ነው የተበላሸው» ይባላል።

ሰሞኑን እዚያው ጥገና ሱቅ ነበርሁ። ጠጋኙ ወጣት በራሱ ላፕቶፕ ይሠራ ነበር፤ ክዳኗ የአንዱ፣ ኪቦርዷ የሌላው፣ ቦርዷ የሦስተኛው ሲሆን ምልክቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው። የሰውን ኤች ፒና ዴል ሁሉ የምትመረምረው ግን እሷ ናት። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው በቆዳ ቦርሳ የታቀፉትን ባለ ትልቅ ስም ላፕቶፕ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አይነሣም። የሩብ ዓመት ሪፖርታቸው ከሰዓት በኋላ ዞን መግባት አለበት፤ ደግነቱ ፋይሉ በፍላሽ አለ። ወጣቱ ቦርዱን ከፍቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀና «ጋሼ፣ ይኸ ዛሬ የሚደርስ አይደለም፤ እስከዚያው እዚህች ላይ ይጨርሱት» ብሎ የራሱን አዞረላቸው።

ሰውዬው ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው ተቀመጡ። ሪፖርቱ ተከፈተ፤ መጻፍ ጀመሩ። ግማሽ ገጽ ያህል እንደሄዱ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው፣ ክዳኑን ዘንበል አድርገው ባዶውን ቀዳዳ ተመለከቱና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወጣቱን ጠየቁት፦

«ለመሆኑ ኮሯ ስንት ነው?»